ሽቶ ራሷን የከሰሰችበት ክረምት

ሽቶ የሚለውን ስም ያወጡላት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ናቸው። አባቷ ትንሽ የቆዳ ፋብሪካ ነበራቸው፤ መኖሪያ ቤታቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። በጥሬ ቆዳ፣ በጨውና በኖራ መሃል ያደገች ልጅ ዩኒፎርሟን በየቀኑ ብታጥበውም ሽታው አይለቃትም። ክፍል ስትገባ ከኋላ ወንበር «ኧረ ሽቶ መጣች!» ይላሉ። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ተደባደበች፣ በመጨረሻ ስሙን ተቀብላ አረፈች። አሁን አምሳ ዓመት አልፏት፣ ፋብሪካውን ወርሳ፣ ጫማ ሠሪዎቹ ደንበኞቿ እንኳን ሲደውሉ «እትዬ ሽቶ አሉ?» ነው የሚሉት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ባንኩ ብቻ ነው።

ፋብሪካ ይባል እንጂ አንድ ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ውስጡ እንደ ክፍል የሚሰፉ የእንጨት በርሜሎች ቀኑን ሙሉ እያቃሰቱ ይሽከረከራሉ። ፀጉሩ የተነሳለት ቆዳ ክሮም ከሚባለው ኬሚካል ጋር በርሜል ውስጥ ገብቶ ይለፋል፤ ሲወጣ ሰማያዊ ሆኖ ነው። ውሃውም ሰማያዊ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ደግሞ ወንዝ አለ።

ፋብሪካውን ከታናሽ ወንድሟ ጋር እኩል ነው የወረሱት። እሷ በርሜሎቹን ያዘች፣ እሱ ገበያውን። እሷ ከጠዋት እስከ ማታ በላስቲክ ቦቲ ስትንጎራደድ፣ እሱ በሱፍ ልብስና በክራቫት ስለሚመጣ ሠራተኞቹ «ሚኒስትሩ» ይሉታል። አፈ ቅቤ ነው፤ ያልታዘዘ ቆዳ ሸጦ ገዢውን አስመስግኖ ይመለሳል። ከእህቱ ጋር በነገር ይጋጫሉ፣ ምሳ ግን አብረው ይበላሉ። ልጅ ሆነው እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሲቆጣ «እትዬ» ይላታል፤ ደስ ሲለው ደግሞ «ሽቶዬ»።

በአባታቸው ዘመን ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ጋር የነበረው ግንኙነት ድብብቆሽ ነበር። ዘበኛው የተቆጣጣሪውን መኪና ከሩቅ ሲያይ የበሩን ቆርቆሮ በዱላ ይመታል። ወዲያው በርሜሎቹ ይቆማሉ፣ በቦዩ ንጹሕ ውሃ ይለቀቃል፣ ተቆጣጣሪው ጠርሙሱን ሞልቶ አመስግኖ ይሄዳል። ሁሉም ያውቃል። ተቆጣጣሪውም እንደሚያውቅ ሁሉም ያውቃል።

ሕጉ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። ማንኛውም ቆዳ ፋብሪካ በዚህ ስፋት፣ በዚህ ጥልቀት፣ በዚህ ዓይነት ግንብ የተሠራ ማጣሪያ ገንዳ ይኑረው ይላል። ሽቶ ተበድራ ሠራች። ገንዳው ግን ለትልልቅ ፋብሪካ ታስቦ የተነደፈ ስለነበር በእሷ ትንሽ ፍሳሽ አልሠራም፤ ፀጉርና ስብ ደፈነው፣ ቆሞ ገማ። ወደ ወንዙ የሚወርደው ውሃ እንደ ድሮው ሰማያዊ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ «ገንዳው አለ?» «አለ።» በቃ። አንድ ጊዜ ቢሮ ሄዳ ሌላ ዘዴ ልሞክር ብትላቸው «ገንዳውን ካፈረሱ እናሽጋለን» አሏት። ስለዚህ ሽቶ ለዓመታት ሕግ እያከበረች ወንዝ ስታበላሽ ኖረች።

ይህን በደንብ የሚያውቁት ጋሼ ካሮት ነበሩ። ከፋብሪካው ቁልቁል፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ሜዳ ላይ ካሮትና ሰላጣ የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ዓመት ምርታቸው ቢጫ ሆኖ ሲበላሽ በጋሪ ጭነው አምጥተው የፋብሪካው በር ላይ ገለበጡት። ሚኒስትሩ ጫማው እንዳይቆሽሽ በካሮቱ ላይ እየዘለለ ቢሮው ገባ። ሽቶ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሽማግሌውም ቆሙ። ከዚያ ሽማግሌው ጋሪያቸውን አዙረው ሄዱ።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው የቆዳ፣ የሳሙናና የቀለም ፋብሪካ ባለቤቶችን አዳራሽ ሰብስቦ አዲስ ነገር ባቀረበ ጊዜ ነው። ያቀረበው ለዓመታት ናሙና ሲቀዳ የሚያውቁት ቀጭን ተቆጣጣሪ ነበር። ቦርሳው ሁልጊዜ ስለሚንቃጨል በየፋብሪካው «ጠርሙስ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ያውቃል፣ አይቀየምም።

«እስከ ዛሬ እኛ እንመጣለን፣ እናንተ ትደብቃላችሁ» አለ። «እኛም ደከመን፣ እናንተም ደከማችሁ፣ ወንዙም አልጸዳ። አሁን የሚፈልግ ብቻ የሚገባበት ስምምነት አለ። አስገዳጅ አይደለም። ከሕጉ በላይ አጸዳለሁ የሚል ይፈርማል።»

አዳራሹ ሳቀ። አንድ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት «ከሕጉ በታችም ከብዶናል!» አለ፤ ሳቁ በረታ።

ሽቶ እጇን አወጣች። «የፈረመ ሰው ምን ያገኛል?»

«ለማጽጃ የሚሆን ማሽን ሲያስገባ ቀረጥ አይከፍልም። በየወሩ ስንመላለስበት የነበረው ቀርቶ በዓመት አንዴ እንመጣለን። አረንጓዴ ታፔላ በሩ ላይ ይሰቅላል፣ ገዢዎች ያዩታል። ደግሞ...» ጠርሙስ ትንሽ አመነታ፤ ይህን ክፍል ራሱም ገና በደንብ ያመነበት አይመስልም ነበር። «ደግሞ ገንዳ በዚህ ስፋት ሥሩ አንልም። የፈለጋችሁበትን ዘዴ ተጠቀሙ። እኛ የምንለካው ቱቦው አፍ ላይ ያለውን ውሃ ነው።»

«ሳናውቀው ነገር ቢበላሽብንስ?»

«ሳይታሰብ የደረሰ ከሆነና እኛ ሳንደርስበት ራሳችሁ ወዲያው ከነገራችሁን፣ አናሽግም። አብረን እናስተካክላለን።»

ከሽቶ አጠገብ የተቀመጠ የቀለም ፋብሪካ ባለቤት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ወጥመድ ነው፤ ተናገሩ ብለው አናግረው ሊበሉን ነው» አላት።

ሽቶ ፈረመች። ወንዙን አስባ ፈረመች ብል ውሸት ይሆናል። የክሮሙን ውሃ አጣርቶ መልሶ ለሚቀጥለው ቆዳ እንዲያገለግል የሚያደርግ ማሽን ለረጅም ጊዜ ስትመኝ ቀረጡ ነበር የሚያስፈራት፤ ያንን የተደፈነ ገንዳም ማየት ሰልችቷታል። ሚኒስትሩ ደግሞ ታፔላውን ወደደው። «ትልልቆቹ ጫማ ሠሪዎች አሁን የሚጠይቁት ይሄንኑ ነው። እኔ ይሄን ታፔላ ይዤ ገበያ ብገባ ማን ያቆመኛል?» አለ።

ሥራው ከፊርማው ከበደ። ማሽኑ መጣ። ጥሬ ቆዳው ከመታጠቡ በፊት ጨውን በእጅ ማራገፍ ተጀመረ፤ ፀጉሩም ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ከመሄዱ በፊት በወንፊት ይያዝ ጀመር። የተደፈነው ገንዳ ፈረሰ። በቦታው ውሃው የሚረጋባቸው ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ሽቶ ሸምበቆ አስተከለች። ውሃው በሥሩ እየተጣራ እንዲያልፍ ነው። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው እያየ «እትዬ፣ አሁን ሣር ቀጠርሽ? ደሞዙ ከኛ ይበልጣል?» ይላታል። የመጀመሪያው ሸምበቆ ውሃው በርትቶበት ደርቆ ሞተ። ካቦው «ሥራ ለቀቀ» አለ። ኩሬው ሰፍቶ ውሃው ረዘም ላለ ጊዜ ከረጋ በኋላ የተተከለው ሁለተኛው ግን ያዘ። ጠርሙስ ያኔ ማንም ሳያስገድደው ይመጣ ነበር፤ ጃኬቱን አውልቆ ኩሬ ዳር ቁጭ ይልና ሲለካ፣ ሲጽፍ፣ ከካቦው ጋር ሲሟገት ይውላል። የሸምበቆው ዘዴ የሱ ሐሳብ ነው፤ ወንፊቱ የካቦው ነው፤ ጨው ማራገፉ የሽቶ ነው። በኋላ ሁሉም ሁሉንም የኔ ነው ይሉ ነበር።

ወደ ወንዙ በቀጥታ ይወርድ የነበረው አሮጌ ቱቦ ብቻ ቀረ። ሽቶ በብየዳ ልታስደፍነው ስትል ጠርሙስ አስቆማት። «ጎርፍ ቢመጣ ከጣሪያ የሚወርደው ንጹሕ ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል። በብሎን ይታሰር። እኛ አናሽገውም፣ እናምንዎታለን።»

ብሎኑ ታሰረ፣ ክዳኑ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። ታፔላው በሩ ላይ ተሰቀለ። ጋሼ ካሮት ለምረቃው ተጠርተው አልመጡም፤ «እስቲ እናያለን» ብለው ላኩ። በሚቀጥለው በጋ ግን ካሮታቸው አማረ። በሩ ጋ ሲያልፉ ለዘበኛው ሰላምታ መስጠት ጀመሩ።

ሁለተኛው ክረምት ላይ የሽቶ ልጅ ምጥ ያዛት። ሽቶ ቦቲዋን አውልቃ ከተማው ሌላ ጫፍ ያለው ሆስፒታል ገባች፤ ምጡ ረዘመ፣ ልጅቷም እናቷን አትሂጂብኝ አለች። ዝናቡም አላቋረጠም ነበር። ሽቶ በመስኮት ዝናቡን እያየች ወንድሟ ጋ ስትደውል «ሁሉም ደህና ነው፣ አንቺ ልጅሽን ያዢ» ይላታል። በሰላም ወንድ ልጅ ተወለደ። ሽቶ እንቅልፍ ባላየ ዓይኗ፣ ለሠራተኞቹ አንድ ከረጢት ከረሜላ ገዝታ፣ ረፋድ ላይ ፋብሪካው ደረሰች።

«አያት ሆንኩ!» ብላ ገባች።

እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ከረሜላውን ወሰዱ። ግን ዓይኗን የሚያይ ሰው አልነበረም። በር ላይ የተጫነ መኪና ሊወጣ ሞተሩን አስነስቷል። ከበርሜሎቹ ግማሾቹ ባዶ ናቸው፤ እሷ ስትሄድ ሙሉ ነበሩ። ኩሬዎቹን ልታይ ወደ ጀርባ ወጣች። በዝናቡ ሞልተው ጠርዝ ነክተዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ኩሬ ሞልቶ ሳለ የበርሜሎቹ ውሃ የት ገባ?

ወደ አሮጌው ቱቦ ወረደች። የክዳኑ ብሎን ላይ ቀለሙ ተልጧል። ከቱቦው አፍ ሥር ያሉት ድንጋዮች ሰማያዊ ሆነዋል።

ካቦውን ጠራችው። ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ።

«ማነው የከፈተው?»

«እትዬ፣ እኔን አትጠይቂኝ።»

«አንተን ነው የምጠይቀው።»

«ትናንትም ዛሬ ጠዋትም የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዘኝ እሱ ነው። እሱም ባለቤት ነው፤ እምቢ ልበለው?»

ሚኒስትሩ ቢሮው ውስጥ ስልክ ላይ ነበር። ፊቷን ሲያይ ስልኩን ዘጋው።

«ምን ላድርግ?» አለ ሳትጠይቀው። «ኩሬው ሞላ። በርሜል ውስጥ ያለው ቆዳ በሰዓቱ ካልወጣ ይበላሻል፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። መኪናው ታዟል፣ ገዢው እየጠበቀ ነው። ላቁመው? ይህን ገዢ ያመጣሁት ሁለት ዓመት ለምኜ ነው።»

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«ልጅሽ እያማጠች? ሰው አይደለሁም እንዴ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንዙን አይተሽዋል? ሙሉ ጭቃ ነው። በዚህ ጎርፍ ሰማያዊ ይሁን ቀይ ማንም አይለየውም። ድንጋዮቹን ካቦው ይፈገፍጋቸዋል። ቢሮው እንደሆነ እስከ በጋ አይመጣም፤ ራሳቸው አይደሉ አንመጣም ያሉት? አምነውናል።»

«እሱ ነዋ ችግሩ።»

«ምኑ?»

«ድሮ ይመጡብን ነበር፣ እንደበቅ ነበር። ጨዋታው እንደዚያ ነበር፣ እነሱም ያውቁታል። አሁን ማንም ሳይመጣብን የምንደበቀው ከማን ነው?»

«ከዕብደት!» አለ ሚኒስትሩ ብድግ ብሎ። «ከኪሳራ ነው የምንደበቀው! ሠላሳ ቤተሰብ ነው ከዚህ የሚበላው። አንቺ ጻድቅ ልትሆኚ እነሱ ይራቡ?»

«ጋሼ ካሮት ካሮታቸውን የሚያጥቡት በዚያ ውሃ ነው» አለች ሽቶ። ይህንን ስትናገር ነበር ራሷም በደንብ ያሰበችው። ተነስታ ወጣች። ከኋላዋ «እትዬ!» ሲላት ሰማች፤ አልዞረችም።

ሽማግሌው ወንዙ ዳር ናቸው። የተነቀለውን ካሮት በትልልቅ ሳፋ እያጠቡ ለገበያ ያስራሉ፤ ሚስታቸው አጠገባቸው ናቸው። ሽቶ በጭቃው እየተንሸራተተች ስትወርድ አይተው ቀና አሉ።

«ጋሼ፣ ያቁሙ» አለች ገና ሳትደርስ። «በዚህ ውሃ አይጠቡ። ከእኛ መጥፎ ውሃ ወጥቷል።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከሳፋው አወጡ። ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አዩት።

«መቼ?»

«ትናንትና ዛሬ ጠዋት።»

«ትናንት ያጠብነው ገበያ ሄዷል» አሉ ሚስትየዋ።

ሽቶ ይህንን አልጠበቀችም። ሽማግሌው ግን አልጮሁም። ሳፋውን በሁለት እጃቸው አንስተው ከነካሮቱ ጭቃው ላይ ደፉት። ከዚያ ሁለተኛውን። ሽቶ ልትረዳቸው ስትጠጋ «አንቺ አትንኪ» አሏት። «ሂጂና የሚለካ ሰው ጥሪ።»

ስልኳን ያወጣችው እዚያው ሜዳ ላይ ቆማ ነው። ጠርሙስ ከሁለት ጥሪ በኋላ አነሳው። ነገረችው። ከጀርባው የቢሮ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች፤ ኮሪደር ላይ ወጥቶ መሆን አለበት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አስበው ይመልሱልኝ። ፈሰሰ ነው ወይስ አፈሰሳችሁት?»

ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ዝናቡ ኩሬውን ሞልቶ ራሱ ከፈሰሰ ሳይታሰብ የደረሰ ነው፤ ስምምነቱ ይጠብቃታል። ሰው ብሎን ፈትቶ ካፈሰሰው አይጠብቃትም። ጠርሙስም የምታመልጥበትን በር ገርበብ አድርጎ እያሳያት ነበር፤ ሊረዳት ይሁን ሊፈትናት፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

«አፈሰስነው» አለች።

«እሺ» አለ ጠርሙስ፤ ድምፁ ደክሟል። «እየመጣሁ ነው። ድንጋዩን እንዳትነኩት።»

በዚያው ቀን የቢሮው ሰዎች ወርደው ገበያ የሄደውን ካሮት ሰበሰቡ፤ የታመመ ሰው አልተገኘም። የቱቦው ክዳን ታሰረ። የቀሩት በርሜሎች ቆሙ። ሚኒስትሩ መኪናውን ሸኝቶ፣ የቢሮውን በር ዘግቶ ሄደ፤ ስልክም አላነሳም።

ወሬው እንደ ጭስ ተዳረሰ። ሌሎቹ የፋብሪካ ባለቤቶች «ሽቶ ራሷን ከሰሰች» እያሉ ሳቁባት። የቀለም ፋብሪካው ሰውዬ «ወጥመድ ነው አላልኩሽም?» ብሎ ደወለላት፤ ድምፁ ግን የፌዝ አልነበረም፣ አዝኖላት ነበር። ካቦውም አንድ ጠዋት ሻይ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ «እትዬ፣ አትቀየሚኝ፤ ልጆቼን ሳስብ ምነው ዝም ባለች እላለሁ» አላት። አልተቀየመችውም። እሷም አንዳንድ ሰዓት እንደዚያው ታስብ ነበር።

ቢሮው ጉዳዩን ለማየት ጠራት። ኃላፊዋ መነጽር ያደረገች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። በአንድ በኩል የሕግ ክፍሉ ሰው፣ በሌላ በኩል ጠርሙስ ተቀምጠዋል። የሕግ ሰውዬው በቀጥታ ተናገረ፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ስምምነቱ ይህንን አይሸፍንም፣ ይታሸግ። ጠርሙስ ደግሞ «እኛ በራሳችን ልንደርስበት የምንችልበት መንገድ አልነበረም። ውሃው በማግስቱ ንጹሕ ነበር። እሷ ባትነግረን ዛሬ እዚህ አንቀመጥም ነበር» አለ።

«ስለዚህ የተናገረ ሁሉ ይማር ይባል?» አለ የሕግ ሰውዬው።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ሚኒስትሩ ነበር። ሱፉን ለብሷል፤ ክራቫቱን ግን አላሰረም። ሽቶ ከዚያ ቀን ወዲህ አይታው አታውቅም።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ እንደቆመ። «እሷ ሆስፒታል ነበረች፣ ልጇ ስትወልድ። ካቦውም ታዞ ነው። የሚጻፍ ነገር ካለ በእኔ ስም ይጻፍ።» ከዚያ እህቱን ሳያይ ወጣ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ካሸግን» አለች ለሕግ ሰውዬው፣ «ከእንግዲህ አንድም ሰው ስልክ አይደውልልንም። ከተውናት ደግሞ ሁሉም ብሎን እየፈታ ይደውልልናል።» ከዚያ ወደ ሽቶ ዞረች። ታፔላው ለአንድ ዓመት ይወርዳል። ፋብሪካው እንደማንኛውም ፋብሪካ በየወሩ ይጎበኛል። የአትክልተኛው ጉዳት ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። ለዝናብ የሚሆን መጠባበቂያ ኩሬ እስኪቆፈር ግማሾቹ በርሜሎች ይቆማሉ። ግን አይታሸግም፤ ያለ ቀረጥ የገባው ማሽንም ይቆይላታል።

ሽቶ ያመሰገነች አይመስላትም። ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ያ ዓመት ቀላል አልነበረም። ሚኒስትሩ ለምኖ ያመጣው ትልቁ ገዢ ታፔላው ወርዷል ሲባል ሄደ። ሠራተኞቹ በፈረቃ ሆኑ፤ ሁለቱ ሌላ ሥራ አግኝተው ወጡ፣ አንዱ ሲወጣ አልተሰናበታትም። የቀሩት መጠባበቂያውን ኩሬ በአካፋ ቆፈሩ፤ ሽቶም አብራ ቆፈረች፤ ወገቧን ይዟት ሰነበተች። ጠርሙስ በየወሩ መጥቶ ሲለካ እንደ ድሮው ጃኬቱን አያወልቅም ነበር። ለካ፣ ፈረመ፣ ሄደ። ይህ ከቅጣቱ ሁሉ በላይ ከፋት። እየቆየ ግን አንድ ቀን «ልጁ አደገ?» ብሎ ስለ ልጅ ልጇ ጠየቃት፤ ሌላ ቀን ሻይ ጠጣ።

ጋሼ ካሮት ካሳቸውን ተቀበሉ፤ ግን አልበቃቸውም። በር ላይ መጥተው «እኔ ወረቀት አላምንም፣ ታፔላም አላምንም። የፈለግሁ ቀን ገብቼ ቱቦውን ልይ» አሏት። ሽቶ የኋላውን በር ቁልፍ አስቀረጸችላቸው። ዱላቸውን ይዘው ሳያሳውቁ ይመጣሉ፤ ቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ከካቦው ጋር ተጨቃጭቀው ይሄዳሉ። ጠርሙስ ይህንን አይቶ ለኃላፊዋ ነገራት። በኋላ ቢሮው ስምምነቱን ሲያሻሽል፣ የሚፈርም ፋብሪካ ከታች ላለ ጎረቤቱ በሩን እንዲከፍት የሚል አንቀጽ ገባበት። አንዳንድ ባለቤቶች ለዚህ ሽቶን ረገሟት።

ዓመቱ ሞልቶ ታፔላው ተመለሰ። ከተመለሰም በኋላ የሄደው ገዢ አልተመለሰም፤ በምትኩ አነስ ያሉ ሌሎች መጡ። በርሜሎቹ ሁሉ ግን መሽከርከር ጀመሩ።

ሚኒስትሩ በዚህ ጊዜ ከተማ መሃል የራሱን ቆዳ መሸጫ ከፍቶ ነበር። ከእህቱ ጋር አይነጋገሩም። ልጇ ግን አጎቷን ትወዳለች፤ ሕፃኑ መራመድ ሲጀምር ለሁለቱም ደውላ እሑድ ምሳ ጠራቻቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው አልነገረቻቸውም። ሽቶ ስትገባ ወንድሟ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣ በሱፍ ሱሪው፣ ሕፃኑን በጀርባው ጭኖ እየዞረ ነበር። ሲያያት ቆመ፤ ሕፃኑ ግን አንገቱን ይዞ «ሂድ!» አለው። ሄደ።

ምሳ ተበላ። ልጇ ሆን ብላ ሳህን ልታጥብ ገባች፤ ባሏንም ጠርታ ይዛው ገባች።

«ልክ ነበርሽ አልልሽም» አለ ሚኒስትሩ።

«አልጠየቅኩህም።»

«እኔም ልክ ነበርኩ አልልም። ግን ዛሬም ቢሆን ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አላውቅም። ቆዳው ይበላሽ ነበር።»

«ይበላሽ ነበር» አለች ሽቶ። «እኔም ብሆን ስልኩን አንስቼ ላንተ ከመደወል በቀር የተሻለ አላውቅም። መጠባበቂያ ኩሬ አስቀድሜ ማስቆፈር ነበረብኝ። ዝናብ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ወጪውን ፈርቼ ነው።»

ወንድሟ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አያት። ዓመት ሙሉ እሷ ራሷን ንጹሕ አድርጋ እሱን ብቻ የኮነነች መስሎት ነበር።

ሕፃኑ ከሱ ጉልበት ወደ እሷ ጉልበት ተሻገረ። ለጊዜው ስለ እሱ ጥርስ አወሩ፤ እንቅልፍ እምቢ ስለማለቱ አወሩ። ከዚያ ሚኒስትሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሽቶ ይህን ታውቀዋለች፣ ሊሸጥ ወይ ሊገዛ ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገው።

«ሱቄ የሚመጡት ሰዎች ቆዳው ከየት ነው ይሉኛል። ከየት እንደሆነ ደፍሬ የምናገረው ቆዳ የለኝም» አለ።

«ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት?»

«ስስ፣ ለቦርሳ የሚሆን። ጥቁርና ቡና ዓይነት።»

«ቡናማው አለኝ። ጥቁሩ ግን ሰኞ ነው ከበርሜል የሚወጣው።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ዋጋው ግን ለዘመድ አይቀነስም።»

«ማን ቀንሺልኝ አለሽ፣ ሽቶዬ?»

ሰኞ ጠዋት መጣ። የላስቲክ ቦቲ ስላልነበረው ካቦው የራሱን አውልቆ አዋሰው፤ ለሱ ሰፋው። እሱና ሽቶ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ጠቅልለው፣ ከበርሜሉ የወጣውን ቆዳ አንድ በአንድ እየገለበጡ፣ ይሄኛው ደህና ነው፣ ያኛው ጠባሳ አለበት እየተባባሉ እስከ ምሳ ሰዓት ሲመርጡ ቆዩ።